ጉንዳኑን ተከተሉት፦ የቤት ውስጥ ተክልን ያለ መርዝ ከተባይ ማዳን

ሎሚዬ መታመሟን የነገረኝ ጉንዳን ነው።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ጠባብ ስለሆነ ሎሚዋን ሳሎን፣ መስኮቱ ስር አስቀምጫታለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ስጠርግ ከበረንዳው በር ስር የሚወጣ ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ አየሁ። ስኳር ፈስሶ ይሆናል፣ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። ሰልፉ ግን ወደ ሎሚዋ ታጠፈ። በመትከያው ጎን ወጣ፣ ግንዱን ይዞ ቅጠሎቹ መሃል ገባ።

አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። በመሃለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ከምስር ክክ ያነሱ ነገሮች ተለጥፈዋል። ላያቸው ሰው የቅጠሉ ጠባሳ ይመስላሉ። እግር አይታይባቸውም፣ አይንቀሳቀሱም። አንዱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተላቀቀ። ከስሩ እርጥብ ነው። ከበታቹ ያለውን ቅጠል ስነካው ሻይ የፈሰሰበት ጠረጴዛ ይመስል ያጣብቃል።

ይህ ተባይ ስኬል ይባላል። ቅርፊቱን ለብሶ አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖር ነፍሳት ነው። እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ቅጠሉ ውስጥ ሰክቶ ፈሳሹን ይመጥጣል። የተክል ፈሳሽ ስኳሩ ብዙ ነው፣ ሰውነት የሚገነባው ነገር ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ተባዩ የሚበቃውን ለማግኘት ብዙ መጠጣት አለበት። የተረፈውን ስኳር በኋላው ያንጠባጥበዋል። ጉንዳኑ የሚመጣው ለዚህ ነው። ላሙን እንደሚጠብቅ እረኛ ተባዩን ይጠብቀዋል፣ ሊበሉት የሚመጡትን ያባርርለታል። የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሳይጠረግ ከቆየ ደግሞ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልበትና ቅጠሉ ብርሃን ያጣል።

ያን ቀን የመጀመሪያ ሥራዬ ስህተት ነበር። የበረሮ መግደያ ስፕሬይ አንስቼ ነፋሁባት። ጉንዳኖቹ ሞቱ። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ጫፍ ጫፋቸው ተቃጥሎ መርገፍ ጀመሩ። ስኬሎቹ ግን ቅርፊታቸው ስር ደህና ነበሩ። ልጆች በሚጫወቱበት ሳሎን ውስጥ ያን ሁሉ ጭስ መንፋቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላው ሰው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ቤት ለተባይ ለምን ይመቻል?

ደጅ ያለ ተክል ብቻውን አይደለም። ዝናብ ያጥበዋል። ንፋስ ያራግፈዋል። ማታ ብርድ አለ። ተባይ የሚበሉ ጥንዚዛዎች፣ ሸረሪቶች፣ ተርቦች፣ ወፎች አሉ። ያንኑ ተክል ሳሎን ስታስገቡት ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ተባዩ ግን በአፈሩ፣ በቅጠሉ ስር ወይም በመስኮት አብሮ ይገባል። ሙቀት አለው፣ ምግብ አለው፣ የሚያሳድደው የለም።

የመራባት ፍጥነታቸውን ደግሞ አስቡት። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ተባይ ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች። እንቁላል ሳትጥል ልጇን በሕይወት ትወልደዋለች። የምትወለደዋ ልጅ ሆድ ውስጥ ደግሞ የልጅ ልጅ ጽንስ ተጀምሯል። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ያቺ ልጅ እናት ትሆናለች። ሰኞ አምስት ያያችሁትን በወሩ መቁጠር አትችሉም።

የተፈጥሮ መከላከያ ዘዴዎችን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሳሙናውም፣ ዘይቱም፣ አልኮሉም የሚገድሉት የነኩትን ብቻ ነው። ከደረቁ በኋላ ቅጠሉ ላይ የሚቀር ኃይል የላቸውም። እንቁላል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣቸዋል። ዛሬ አዋቂዎቹን ሁሉ ብትጨርሱ ከአምስት ቀን በኋላ አዲስ ትውልድ ይፈለፈላል። ሰው «ሳሙና ሞክሬ አልሠራልኝም» ሲለኝ ስንቴ እንደረጨ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «አንዴ» ነው። አንዴ መርጨት እንዳለመርጨት ነው። ሥራው የቀጠሮ ሥራ ነው። በየአምስት እስከ ሰባት ቀኑ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር። ስኬል ከሆነ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እወቁ

ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በቅጠልና በግንድ መገናኛ ላይ ካያችሁ ሚሊባግ ነው። ጥጡን ስትፈቱት ውስጡ ለስላሳ ተባይ ወይም በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ታገኛላችሁ። ተክሉን ስትነኩት እንደ ዱቄት ብን ብሎ የሚነሳ ጥቃቅን ነጭ ነገር ነጭ ዝንብ ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትሪፕስ ነው፤ ቀጭን፣ ሰረዝ የመሰለ ነፍሳት። ከአፈሩ ላይ የሚነሱ፣ ቡና ስትጠጡ ሲኒ ውስጥ የሚገቡት ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች የአፈር ትንኝ ናቸው።

ቀይ ሸረሪት ለብቻው ይታይ። ነፍሳት አይደለም፣ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ዓይን አያገኘውም። ቅጠሉ ግን ይናገራል፤ በመርፌ እንደተወጋ በጥቃቅን ቢጫ ነጥብ ይሞላል፣ ቀስ እያለ ይገረጣል። ነጭ ወረቀት ከስሩ ያዙና ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ትንሽ ጠብቁ። አቧራው መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል። ወደ 27 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ በሳምንት ገደማ አዋቂ ይሆናል። ስለዚህ ለእሱ የሚረጨው በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ ነው።

ይህ በተለይ በውጭ ሀገር ለምትኖሩ ይጠቅማል። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም በሶብላችሁንና ጤና አዳማችሁን ለክረምት ወደ ቤት ስታስገቡ የማሞቂያው አየር ቤቱን ያደርቀዋል። ቀይ ሸረሪት የሚፈነዳው ያኔ ነው። ተክሉን ከማሞቂያው አርቁት። ከመግባቱ በፊትም ታጥቦ ይግባ።

ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና

ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒቱ ይሮጣል እንጂ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ውሃ ነው። ተክሉን ሻወር ቤት አስገቡት። አፈሩ እንዳይፈስ መትከያውን በፌስታል ሸፍኑና ግንዱ ጋ እሰሩት። ከዚያ ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ እጠቡት። ክሽክሽም፣ ቀይ ሸረሪትም ከነድሩ ይወርዳሉ። አብዛኛው ተባይ የሚኖረው በቅጠሉ ጀርባ ነው። ከላይ ብቻ መርጨት ጣሪያውን አጥቦ ቤቱን ጸዳ እንደማለት ነው።

ቀጥሎ ሳሙና። ሳሙና ነፍሳትን የሚገድለው በመመረዝ አይደለም። የነፍሳት ሰውነት ውሃው እንዳይተን በስስ ሰም ተለብጧል። ሳሙናው ሰሙን ይገፍፋል፣ ከስሩ ያለውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል፣ ነፍሳቱ ይደርቃል። በጎንና ጎናቸው ያሉትን መተንፈሻ ቀዳዳዎችም ይዘጋል። ለዚህ ነው ክሽክሽን፣ ነጭ ዝንብን፣ ቀይ ሸረሪትን የመሰለ ለስላሳ ተባይ ላይ የሚበረታው። ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ያረጀ ስኬል ግን ብዙም አይነካውም።

የትኛው ሳሙና? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለዕቃ የምንጠቀምበት ፈሳሽ አብዛኛው ሳሙና አይደለም፣ ዲተርጀንት ነው። ቅባት ለመንቀል የተሠራ ስለሆነ የቅጠሉንም ሰም ይነቅለዋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትማ ጭራሽ አይሞከርም። ውጭ ሀገር ያላችሁ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከፖታሲየምና ከቅባት አሲድ የተሠራ ሳሙና በየአበባ መሸጫው ታገኛላችሁ። እዚህ ያለን ሽቶ፣ ቀለምና ነጭ ማድረጊያ የሌለበት ደረቅ ሳሙና እንጠቀማለን። በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙት። ሲቀዘቅዝ መርጫ ውስጥ ጨምሩት። ንጹህ ፈሳሽ ሳሙና ካላችሁ ለአንድ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። «ይበርታ» ብሎ መጨመር ቅጠሉን ከማቃጠል በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ውሃችሁ ሳሙና አረፋ አልይዝ የሚል ዓይነት ከሆነ ድብልቁም ደካማ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ሳሙናውን ይይዘውና ከላይ እንደ እርጎ ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል። የዝናብ ውሃ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም። ክረምት ላይ ሁለት ጀሪካን አጠራቅሙ።

መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ፈርን፣ ቅጠሉ ፀጉራም የሆነ ተክል፣ እንዲሁም ቅጠሉ ላይ ነጭ ብናኝ የመሰለ ሰም ያለው ወፍራም ተክል ሳሙና አይወዱም። የምትረጩት ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይርጠብ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

እንዶድስ? የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዶድ ሳፖኒን የሚባል አረፋ ሰጪ ነገር አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ትልቅ ተስፋ የሆነው ግኝት ከዚያ መጣ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ቢሆንም ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ዓሣ ይገድላል። መጠኑ ተለክቶ ለቤት ተክል የተዘጋጀ ነገር በእጃችን ስለሌለ ሳሎን ውስጥ አልጠቀምበትም።

ለሚሊባግና ለስኬል የጥጥ ሥራ አለ። ከፋርማሲ የሚሸጠውን 70 ፐርሰንት አልኮል ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት እየነከራችሁ አንድ በአንድ ንኩት። ሚሊባጉ ሲነካ ነጩ ሰም ይሟሟና ሰውነቱ ቡናማ ሆኖ ይታያል። የቅጠሉን ብብት፣ የመትከያውን ከንፈር፣ ከመትከያው ስር ያለውን ቀዳዳ ሳይቀር ፈትሹ። አሰልቺ ነው። እኔ ግን ሬዲዮ ከፍቼ አንድ ሰዓት ተቀምጬ እሠራዋለሁ፣ በውጤቱም ደስ ይለኛል። ከሰል ወይም ሻማ በሚነድበት አጠገብ አይሠራም፤ አልኮል እሳት ይይዛል።

የቡናው አተላ ጉዳይ

በኛ ቤት ቡና ተፈልቶ አተላው የት ይደፋል? አበባው ላይ። እናቴም እንዲያ ታደርጋለች፣ የእናቴም እናት እንዲያ ታደርግ ነበር። ደጅ መሬት ላይ ምንም አይደለም። አየር አለ፣ ትል አለ፣ ያብላላዋል። ትንሽ መትከያ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አተላው አፈሩ ላይ ክዳን ይሠራል። ውሃ ይይዛል፣ ይሻግታል። የአፈር ትንኝ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ትንኟ ስትበር የምታዩዋት ሰውን ከማሰልቸት በቀር ጉዳት የላትም። የምትኖረውም ሳምንት ገደማ ነው። በዚያች ሳምንት ግን እርጥብ አፈር ላይ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ የሚወጣው እጭ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ትል ነው። ሻጋታ ይበላል፣ ሻጋታው ሲያልቅ ስስ ሥሮችን ይበላል። ችግኝ ሊገድል ይችላል። ከእንቁላል እስከ አዋቂ ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። መኖሪያው ከላይ ያለው አምስት ሳንቲሜትር አፈር ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ውሃ መቀነስ ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ካልደረቀ አታጠጡ። የሰው ልጅ ለተክል ያለው ፍቅር በውሃ ይገለጣል፣ ብዙ የቤት ተክል የሚሞተውም በጥም ሳይሆን በመስመጥ ነው። ሲደርቅም ከላይ ከማጠጣት መትከያውን ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ከስር ይጠጣል፣ ላዩ ደረቅ ይሆናል። ከላይ ሁለት ሳንቲሜትር ሻካራ አሸዋ ብታለብሱት ደግሞ ትንኟ መጣያ ታጣለች።

እጩ መኖሩን ለማወቅ ጥሬ ድንች ቆርጣችሁ አፈሩ ላይ ደፍታችሁ አሳድሩት። በነጋታው ወይም በሁለተኛው ቀን ስትገልጡት እጮቹ ከስሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ድንቹን ከነእጩ ጣሉት፣ ሌላ ተኩበት።

የሚበሩትን ለመያዝ ቢጫ ቀለም ነው። የአፈር ትንኝ፣ ነጭ ዝንብ፣ ክንፍ ያወጣ ክሽክሽ ቢጫ ይስባቸዋል። የምግብ ዘይት የመጣበትን ቢጫ ጀሪካን በመቀስ መዳፍ የሚያህል ቁረጡ። ቫዝሊን ቀቡትና በእንጨት አፈሩ ላይ ትከሉት። በሁለት ቀን ውስጥ በትንኝ ይሞላል። ብቻውን ችግሩን አይጨርስም። ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን ግን በዓይናችሁ ታዩበታላችሁ።

ለአፈር ትንኝ እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ብልሁ መድኃኒት አንድ ባክቴሪያ ነው። ቢቲአይ ይሉታል። በ1976 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ በኔጌቭ በረሃ ካለ ኩሬ የተገኘ ነው። የትንኝ እጭ ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ መርዝ ይሆንና ይገድለዋል። ሰው፣ ድመት፣ ንብና ዓሣ አይነካም። በአሜሪካና በአውሮፓ ቢምቢን ለመከላከል በእንክብል መልክ ይሸጣል። በውሃ ዘፍዝፎ በዚያ ውሃ ተክሉን ማጠጣት ነው። ለሳምንታት ሳይቋረጥ ሲደረግ የአፈር ትንኝን ትውልድ ይቆርጣል።

ኒምና የኒም መሳይ

ኒም ከደቡብ እስያ የመጣ ዛፍ ነው። ድሬዳዋ የሄደ ሰው ከጥላው ስር ሳይቀመጥ አልቀረም። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር አዛዲራክቲን የሚባል ነገር ይዟል። ነፍሳት ሲያድጉ ቆዳቸውን ይገልፋሉ፤ ይህን የሚያዝዝ ሆርሞን አላቸው። አዛዲራክቲን ያንን ትእዛዝ ያዛባዋል። እጩ ቆዳው ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል። የምግብ ፍላጎቱንም ይዘጋዋል። ስለዚህ ኒም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ዛሬ ረጭቶ ነገ ሬሳ የሚፈልግ ሰው ያዝናል።

የኒም ዘይት ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ዘይትና ውሃ እንዲዋሃዱ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይግባበት። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል። አልተበላሸም፣ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። የተቀላቀለው ዕለቱን ይጨረስ፤ ውሃ ውስጥ ሲያድር ኃይሉ ይደክማል። አንዳንዱ የሚሸጥ «የኒም ዘይት» አዛዲራክቲኑ ተለይቶ የወጣለት ነው። እሱ ተባዩን የሚያፍነው በዘይትነቱ ብቻ ነው። መለያውን አንብቡ።

አሁን ማስጠንቀቂያ። በብዙ ከተማ በየአጥሩ የተተከለው ሚሊያ የሚባለው ዛፍ የኒም ዘመድ ነው፣ ብዙ ሰውም ኒም ነው ብሎ ይጠራዋል። ፍሬው ለሰው መርዝ ነው። ልዩነቱ በቅጠሉ ይታወቃል። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተሰደሩ ትናንሽ ቅጠሎች ናቸው። የሚሊያ ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ትናንሾቹ ቅጠሎች በቅርንጫፎቹ ላይ ናቸው። ልጅ ባለበት ቤት የሚሊያን ፍሬ ለቅማችሁ አታስገቡ።

ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይጎዳም የሚለው እምነት አደገኛ ነው። ብርብራን እዩት። የሀገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ዘሩ ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይንሳፈፋል። የሚሠራው ሮቴኖን በተባለ ነገር ነው። ሮቴኖን ለረጅም ዘመን «የተፈጥሮ» ፀረ ተባይ ተብሎ በአትክልተኞች እጅ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን አይጦች ላይ ፓርኪንሰንን የመሰለ ሕመም እንደሚያመጣ አሳየ። የትንባሆ ውሃም እንዲሁ ነው። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል፣ ሰው ይመርዛል። ትንባሆው የሚይዘው ቫይረስ ደግሞ ቃሪያና ቲማቲም ላይ ይጋባል። ከተክል መምጣቱ ብቻ ሳሎን ለመግባት ፈቃድ አይሆነውም።

ከሁሉ የማስፈራው ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው የእርሻ መርዝ ነው። መለያ የለው፣ መጠን የለው። ልጅ ውሃ ነው ብሎ ሊጠጣው ይችላል። በምንም ምክንያት ቤት አይግባ።

ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት በውሃ ዘፍዝፎ መርጨት ብዙ ይወራል። ተባዩን ለጊዜው ሊያሸሸው ይችላል፣ ቤት ውስጥ ግን ተባዩ የሚሸሸው ወደ ጎረቤት መትከያ ነው። ሚጥሚጣው የቤቱን ሰው ያስላል። አቼቶ ቅጠል ያቃጥላል። አመድ ደረቅ ሆኖ ሲነሰነስ የነፍሳትን ሰም ይፍቃል፣ አያቶቻችን እህል ያቆዩበታል። ውሃ በሚጠጣ መትከያ ላይ ግን ወዲያው ይረጥባል፣ አፈሩንም ያዛባል። ቅጠል እንዲያበራ በወተት ወይም በዘይት ማሻሸትም ይቅር። አቧራና ሻጋታ መሳብ ነው።

ተባይን በተባይ

በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የብርቱካንና የሎሚ እርሻዎች በአንድ የስኬል ዘመድ ተመትተው ሊጠፉ ነበር። ተባዩ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። አልበርት ኮቤሌ የሚባል ባለሙያ በ1888 እዚያው አውስትራሊያ ሄደና ተባዩን የሚበላ ትንሽ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ላከ። ጥቂት መቶ ጥንዚዛዎች ተለቀቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ እርሻው ዳነ። በ1967 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ያን ኮፐርት የተባለ የኪያር ገበሬ ቀይ ሸረሪትን የሚያድን ሌላ ሸረሪት መሳይ አራብቶ መሸጥ ጀመረ። መርዙ ለራሱ ጤና አልተስማማውም ነበር፣ ቀይ ሸረሪቱም መርዙን ለምዶት ነበር። ዛሬ የእኛም ሀገር አንዳንድ የጽጌረዳ እርሻዎች በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ለአንድ ሳሎን ይሆናል? ውጭ ሀገር በፖስታ ይመጣል፣ ብዙ ተክል ላለው ሰው ይሠራል። ለሦስት መትከያ ግን አዳኙ ምግቡን ጨርሶ ይሞታል። በነገራችን ላይ የጣሪያው ጥግ ላይ ያለችውን ሸረሪት ተዉአት። የአፈር ትንኝ እያጠመደች ነው።

ሳይገባ መከልከል

ከመንገድ ዳር ችግኝ ቤት የተገዛ ተክል ቀጥታ ከሌሎቹ ጎን አይቀመጥ። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይክረም። በየአምስት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት። ተሸሽጎ የቆየ እንቁላል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ከውጭ ለመጣ እንግዳ ጤና አዳም ቆርጦ በሻንጣ መላክም ይቅር። የጉምሩኩ ክልክል ከዚሁ ሥጋት የመጣ ነው፤ ተባይ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሀገር ይሻገራል።

ቅጠሉን በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራው ይወርዳል፣ እግረ መንገዳችሁንም ተባዩን ገና ሁለት ሦስት እያለ ታገኙታላችሁ። ማዳበሪያ አታብዙ። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ለስላሳ ቀንበጥ ያወጣል፣ ክሽክሽ የሚወደውም እሱን ነው። ጉንዳን ካለ በመትከያው ዙሪያ የቫዝሊን መስመር አስምሩ። ትሪፕስ ከሆነ ደግሞ መርጨቱ ብቻ አይበቃም። እንቁላሉን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ይደብቃል፣ አብዛኛው ለመለወጥ ወደ አፈር ይወርዳል። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጣችሁ አውጡ፣ የላዩን አፈርም ቀይሩ።

አንዳንዱ ተክል አይድንም። ሥሩ ድረስ ሚሊባግ የገባበትን፣ ቅጠሉን የጨረሰውን ይዞ መቆየት ሌሎቹን መግደል ነው። ጤነኛ የሚመስል ቁራጭ ካለ ቆርጣችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ፣ በአዲስ አፈር ትከሉት። የቀረውን በፌስታል አስራችሁ አስወጡት። አፈሩን ሌላ መትከያ ላይ አትገልብጡት። መትከያውን በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ሎሚዬን በየሰባት ቀኑ ስምንት ሳምንት አጥቤያታለሁ። ትልልቆቹን ስኬሎች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል አነሳኋቸው። ገና ቅርፊት ያላበጁትን ልጆቻቸውን ሳሙናው ጨረሳቸው። ስኬል ሲሞት ከቅጠሉ አይወድቅም፣ ቅርፊቱ ተጣብቆ ይቀራል። ያለቀ ሳይመስላችሁ ለወራት ልትረጩ ትችላላችሁ። ለማወቅ አንዱን በጥፍር ተጫኑት። ፈሳሽ ካወጣ በሕይወት አለ፣ ዙሩ ይቀጥላል። እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ከረገፈ ሞቷል። ከአሥር አንድም እርጥብ ካላገኛችሁ፣ አዲስ የወጣውም ቅጠል ካላጣበቀ፣ መርጫውን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።